የገመቹ ጥልቅ ድራማ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ባልደረባዬ ገመቹ ዛሬም መምህራን ክበብ ውስጥ ዓለም ያጨበጨበለትን የውጭ ተከታታይ ድራማ ሲሰብከን ዋለ።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሰውዬውን ቀብር፣ ከዚያ ሠርጉን! ጊዜን ሲገለባብጠው! አንተ የለመድከው የአማትና የምራት ጭቅጭቅ ነው» አለኝ።

ተናድጄ ድራማው ያለበትን ፍላሽ ተቀበልኩትና ቤት ከፈትኩት። ጥልቀት አለው ያለን ጉድ ለካ የበከኒሳ ቀሴ ሰፈሩ ፊልም ጫኝ ሥራ ነው፤ ክፍሎቹን ደበላልቆ ገልብጦለታል። ቁጥሩ እኮ እያንዳንዱ ክፍል መግቢያ ላይ ተጽፏል! ይኼ ነው እንግዲህ ሃያሲያችን።

ሰኞ በሁሉም ፊት ላዋርደው ብዬ፣ ክፍሎቹን በቁጥራቸው ደርድሬ ከባለቤቴ ጋር ማየት ጀመርኩ። ሁለተኛው ክፍል ላይ እሷ አንቀላፋች። እኔም አዛጋሁ።

ከሁሉ የሚያናድደው፣ ሲዘበራረቅ ይሻል ነበር።