የሚበሰብሰው ላስቲክ

ለውድ አባቴ ለአቶ ገብረ መድኅን ሀብተ ማርያም

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ወገብዎ ዛሬም ያስቸግርዎታል? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ባለፈው «ትል አርብተሽ ላስቲክ ልትሠሪ ነው?» ብለው ስቀውብኛል። ትል አይደለም፣ አባባ! በዓይን የማይታይ የአፈር ባክቴሪያ ነው። አፈሩን ከደቻቱ ወንዝ ዳር ዘግኜ አመጣሁት። ባክቴሪያው ዘይት ሲቀለብ፣ እኛ ጮማ እንደምናጠራቅመው እሱም በሆዱ ያጠራቅማል። ያንን አውጥቼ፣ አሟምቼ መስታወት ላይ ሳፈሰው ደርቆ ስስ ላስቲክ ይሆናል። ልዩነቱ፣ አፈር ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል። ለምን እንደጀመርኩት መቼም አይጠፋዎትም። በሬያችን ቡሬ ላስቲክ ውጦ የሞተ ዕለት፣ ሆዱ ሲከፈት አጠገብዎ ነበርኩ። ዕንባዎን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የዘይት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ጓድ በዛብህ ሙከራውን ሲፈቅዱልኝ፣ ሕዝቡ ቀበሌ ሱቅ የሚሰለፍለትን ዘይት ከነካሁ ሥራውን እንደሚዘጉት አስጠንቅቀውኛል። የተጠበሰበት፣ የሚደፋ ዘይት ብቻ! እኔም ሳምቡሳ ጠብሳ ከምትሸጠው ጎረቤቴ ከዛምዛም እወስድ ጀመር። በረመዳን ሰሞን ባክቴሪያዎቼ ወፈሩ፣ ላስቲኩ አማረ፣ ተመሰገንኩ። ግን ዘይቱ እየጠራ ሲመጣ ጠርጥሬ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ፣ «አቦ ተሺ፣ ለጎረቤት ጥቁር ዘይት ይሰጣል እንዴ? ወላሂ ነውር ነው። የቀበሌ ራሽኔን ነው የሰጠሁሽ» አትለኝም! ወይ ጉዴ! የልጆቿን የወጥ ዘይት ለባክቴሪያ ሳበላ ከርሜያለሁ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። የራሴን ራሽን ወሰድኩላት፤ እሱንም በስንት ልመና ተቀበለችኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ሄጄ ለጓድ በዛብህ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ቢሆንም አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጡኝ። ዛምዛምም እያፈረች፣ ፊቷን አዙራ እውነተኛውን ጥቁር ዘይት ሰጠችኝ። አባባ፣ ባክቴሪያዎቼ በሉት! ቀስ ብለው ቢሆንም በሉት። ላስቲኩ እንደ በፊቱ አልነጣም፣ ጠየም ብሏል፤ ላስቲክ ግን ነው። ግማሹን ግቢ ውስጥ ቀብሬ ሰሞኑን ሳወጣው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ጓድ በዛብህ ሲነኩት በጣታቸው መካከል ተፈረፈረ። ሳቁና ቀጥዪ አሉኝ። ደስታዬን ለማን ልንገር? ለእርስዎ ነው እንጂ።

የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ። እኅቴን የሺአረግን፣ ነጠላው ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ በሏት። አክስቴን በለጠችንም ናፍቀሻታል በሏት። ዛምዛም ሳታውቃችሁ ሰላም ብላችኋለች፤ ሳምቡሳ በፖስታ ካልላክሁ ብላ አስቸግራኝ ነበር።

በሳምቡሳው ፈንታ ከቀረው ላስቲክ አንድ ቁራጭ ልኬልዎታለሁ። ቡሬ ያድርበት በነበረው በረት ይቅበሩትና ለኅዳር ሚካኤል ቆፍረው ይፈልጉት። ፈልገው ፈልገው ካጡት፣ እማዬ እልል ትበልልኝ።

ልጅዎ ተሻለች ገብረ መድኅን
ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.