ቅቤ የተቀባው ብሩሽ

ልጄ ጥበቡ፣ የቤተ ልሔሟ እመቤት ከክፉ ትሰውርህ። አፍሬ ነው የምነግርህ፤ የላክኸውን የመኪና ማጠቢያ ማሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ብሩሹ ጭቃ ደርቆበት ሲጠጥር፣ ወንድምህ ልመንህ ሳያየኝ፣ እንደ አባትህ የቀንበር ጠፍር እንዲለሰልስ ቅቤ ቀባሁት። የሚኒባሱ ሾፌር ይታየው፣ መስታወቱ ቅባት ለብሶ አላሳይ ሲለው፣ «እማማ፣ ላሳጥብ እንጂ ላስቀባ መጣሁ እንዴ?» አለኝ። የንፋስ መውጫ ገበያ በሙሉ ሳቀብኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። «ማሽኑ ሥራ ሲይዝ እመጣለሁ» ካልህ ሦስት ፋሲካ አለፈ። ቶሎ ሠርቶ ቶሎ እንዲያመጣህ ብዬ ነበር የቀባሁት። ስትደውል የብሩሹን ጤና ትጠይቃለህ፤ የጉልበቴን አትጠይቅም።

ነገ ልመንህ ብሩሹን በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጥበዋል። ቢሠራም ባይሠራም እነግርሃለሁ። ካልሠራ ግን ምክር አትላክልኝ፤ ራስህ ና። እግዜር ወደ ቤትህ የሚያመጣህን መንገድ ያቅናልህ።

እናትህ መዓዛ