አስራ ሰባት ቁጥር አይመልስም

ግንቦት 12
ተገጥሞ አለቀ። የመስኖ ድርጅታችን ሠላሳ አንድ ኮምፒውተር፣ ቆቦ ዋናው ቢሮ ያለውም ጎብዬ ቅርንጫፍ ያለውም። ኢንተርኔታችን ደካማ ስለሆነ ሰርቨሩ ማሻሻያውን አንዴ አውርዶ ለሁሉም ያድላል፤ አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ከሰርቨሩ የቆየ መዝገብና ከየኮምፒውተሩ ወሬ ይሰበስብልኛል። ማን ጫነ፣ ማን ቀረው፣ መቼ ተከፈተ... ማሻሻያ ሲመጣ ገመድ የሚነቅሉትን ሁሉ አሁን አገኘኋቸው!

ሥራ አስኪያጁ አቶ አላምረው ከኋላዬ ቆመው አዩ።
«ማን ሥራ ላይ እንዳለ ያሳያል?»
«ማሻሻያ መጫኑን ነው የሚያሳየው።»
«ሲከፈትስ?»
«እሱንም ያሳያል።»
ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ግንቦት 15
ስክሪኔ ላይ ሠላሳው አረንጓዴ። አስራ ሰባት ቁጥር ብቻ ቀይ፣ ከመጋቢት 12 ወዲህ ድምፁ የለም። የፈሪሀ ነው። ጎብዬ ቅርንጫፍ ብቻዋን ተቀምጣ የመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎችን የምትመዘግበው። ደወልኩላት።
«ኮምፒውተርሽን ከከፈትሽው ስንት ቀን ሆነሽ?»
«ኧረ አሁንም ተከፍቶ ፊቴ ነው ያለው።»
«እኔ ጋ ሞቷል።»
«እንግዲያ መጥተህ እየው፣ ዘካሪያስ።»
መጥተህ እየው! በዚህ ሙቀት፣ በዚያ ሚኒባስ? ሰርቨሩ እያለ እኔ ምን ልሁን ብዬ ጎብዬ እሄዳለሁ? አልሄድኩም። ዝርዝሩን አትሜ ለአቶ አላምረው ሰጠሁ።

ግንቦት 20
ስብሰባ። አቶ አላምረው ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ አሳዩት። ፈሪሀን ከጎብዬ አስጠርተዋት ነበር፤ ላቧ ሳይደርቅ አስነሷት።
«ስልሳ ስምንት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?»
«ወላሂ በየቀኑ እከፍታለሁ። ፋይሉንስ በየሳምንቱ በፍላሽ አላመጣሁም?»
«እሱንማ ጸሐፊ ቤት ከፍለሽ ታስጽፊዋለሽ። ማሽን ማንን ጠልቶ ይዋሻል?»
ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ድምፄን አውጥቼ። አየችኝ። ተቀመጠች።

ግንቦት 26
የፈሪሀ ኮንትራት ከሰኔ 30 በኋላ አይታደስም። ደብዳቤው ወጣ። «በቀረበው የኮምፒውተር መረጃ መሠረት» ይላል። የኔ መረጃ።

ሰኔ 4
አቶ አላምረው ኮምፒውተራቸው ተንቀራፈፈባቸውና ጠሩኝ። ዘጠኝ ቁጥር። ጎንበስ ብዬ ዲስኩን የገጠምኩበትን ቀን አየሁ። መጋቢት 12።

ያን ቀን የእሳቸው ዲስክ ተበላሽቶ፣ ኦዲተሮቹ በር ላይ ቆመው፣ «ቶሎ በል!» እያሉኝ... የፈሪሀ ማሽን ለጥገና መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የማሽኗን ዲስክ እንዳለ ገልብጬ ለእሳቸው ገጠምኩ። ሰርቨሩ ማሽኑን የሚያውቅበትን መለያ መቀየር ረሳሁ። ሰርቨሩ ሁለቱን አንድ ማሽን አድርጎ ቆጠራቸው፤ የአለቃውን መዝግቦ የእሷን ጣለ።

የሰርቨሩን ጥሬ መዝገብ ከፍቼ አረጋገጥኩ። ማሽኗ ከጎብዬ በየጠዋቱ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ሰርቨሩን ይጠራል። አንድ የሥራ ቀን አልዘለለችም። እኔ ሦስት ሰዓት ነው የምገባው።

ሰኔ 5
ነገ ለአቶ አላምረው እነግራቸዋለሁ።

ሰኔ 9
በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር። «ና ግባ» አሉ። «የክፍል ኃላፊነቱን ደብዳቤ እያስጻፍኩልህ ነው።» አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሌላ ምን ልበል? «ያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረዷት በኔ ስህተት ነው» ልበል? እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም... ታጣለች? ጎብዬ ውስጥ ምን ሥራ አለ?

ሰኔ 18
አስራ ሰባትን ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ዛሬ ካስተካከልኩት አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰውም እንዴት ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ እሷ ትሂድ።

ሰኔ 30
ቁልፍ አስረከበች። እኔ ነኝ የተረከብኩት። «ኮምፒውተሩ ይሠራል» አለችኝ።

ሐምሌ 2
መለያውን ቀየርኩ። ጥሬ መዝገቡን አጠፋሁ። ሠላሳ አንዱም አረንጓዴ።

ሐምሌ 9
አሁን በቢሮዬ በር ላይ «ኃላፊ» የሚል ተለጥፏል። ዛሬ በዚያ በር የፈሪሀ አባት ሙሀመድሰይድ ገቡ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው። ፈሪሀ ከኋላቸው። ብድግ ብዬ ወንበር ሰጠሁ።

«ልጄ፣ ሥራዋን መልሱላት ልል አልመጣሁም» አሉ። «እሱ በአላህ እጅ ነው። ጎብዬ ግን ሳትሠራ ደሞዝ በላች እየተባለ ነው። ሊያጯት የነበሩትም ቀሩ። እሷ ትምላለች። እኔ መሐላዋን ልመን ወይስ ያንን ማሽን? የምታውቀው አንተ ነህ አሉኝ። ሐራም አብልታኝ እንደሁ ንገረኝ።»

ክፍሉ ውስጥ እኛ ብቻ ነበርን። አቶ አላምረው የሉም። አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው።

«አባባ፣ ማሽኑ አይዋሽም» አልኩ።

አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ወደ እሷ ዞሩ።
«በይ ይቅርታ ጠይቂው፣ አፉ በለኝ በይው። ሰው ፊት ውሸታም አድርገሽዋል።»
«አባ...»
«በይው ብያለሁ!»

ቀረበች። እንባ የለም። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።
«አፉ በለኝ» አለች።
ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ።
«አፉ ብዬሻለሁ» አልኳት።