የኩልመስክን ትምህርት ቤት ግድግዳ በገመድ ሲለኩ ስለቆዩት ስለ ኢንጂነር ሙሉሃብት ደርበው ዕረፍት የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

ከላስታ አውራጃ የገጠር ትምህርት ቤቶች ግንባታ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ላሊበላ፣ ሰኔ 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለሠራተኞቻችን፣ ለግንበኞችና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ

የጽሕፈት ቤታችን የግንባታ ክፍል ኃላፊ ጓድ ኢንጂነር ሙሉሃብት ደርበው ባደረባቸው የሳንባ ምች ሕመም በተወለዱ በ36 ዓመታቸው፣ ሐሙስ ግንቦት 20 ቀን 1973 ዓ.ም. በኩልመስክ የሥራ ቦታቸው አርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ጸጸትም አለብን፤ ምክንያቱን ሳንደብቅ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ኢንጂነር ሙሉሃብት በ1937 ዓ.ም. በደላንታ፣ ወገል ጤና ተወለዱ። በአዲስ አበባ የሕንፃ ምህንድስና ተምረው በ1963 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ በወሎ ልዩ ልዩ አውራጃዎች የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግንባታ መርተዋል። በ1970 ዓ.ም. በግንባታ ሥራ አመራር የዶክትሬት ዲግሪ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፑብሊክ ተልከው ነበር።

የጥናታቸው ጥያቄ ሲነገር ቀላል ነው። በዕቅድ አራት ወር የተባለ የገጠር ሕንፃ ስለምን ስምንት ወር ይፈጃል? ብዙዎቻችን «ልማድ ነው» ብለን የምናልፈውን እሳቸው ማለፍ አልቻሉም። መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግድግዳው ለማግኘት በመስከረም 1973 ዓ.ም. ወደ ላስታ ተመልሰው የኩልመስክን ትምህርት ቤት ግንባታ ተረከቡ።

በኅዳር ወር የመጀመሪያውን ማስታወሻ አቀረቡ። ዕቅዳችን በወር ሃያ ስድስት የሥራ ቀን ይዞ ነበር። በማስታወሻቸው እንደተገለጸው ግን ሰንበቱ፣ ሚካኤሉ፣ ማርያሙ፣ ጊዮርጊሱና ሌላውም በዓል ሲቀነስ በዚህ አገር ድንጋይ የሚጠረብበት ቀን ከአሥራ አምስት አይበልጥም። ዕቅዱ በዚሁ እንዲስተካከል ጠየቁ።

በታኅሣሥ ወር የሰጠነው መልስ ሰንበት ካልሆነ በቀር ቀኑ ሁሉ የሥራ ቀን ነው የሚል ሰርኩላር ነበር። ግንበኞቹም አልተቃወሙም። በበዓል ቀን በሰዓታቸው መጡ፣ ፈረሙ፣ መሮና መዶሻቸውን በጋቢ ጠቅልለው እስከ ማታ ተቀመጡ። እኛም ሃያ ስድስት ቀን ተሠራ ብለን ለበላይ አካል ሪፖርት አደረግን።

ኢንጂነር ሙሉሃብት በየዕለቱ ሥራ ሲያበቃ ግድግዳውን ቋጠሮ ባለው ገመድ እየለኩ በደብተር ይመዘግቡ ነበር። በጥር ወር ስብሰባ ላይ ገመዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ «ለመሆኑ ግድግዳው የማንን ካላንደር ነው የሚከተለው?» ሲሉ ጠየቁ። ሦስት ሰዎች ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቁም።

የካቲት 11 ቀን በእውነት የተሠራባቸውን ቀናት የሚያረጋግጥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንዲሰጣቸው አመለከቱ። ያለዚህ ደብዳቤ ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው የእኛን ሪፖርት ስለነበር፣ የሦስት ዓመት ድካማቸው የአንድ ሰው ገመድ ሆኖ ይቀር ነበር። ደብዳቤውን ብንሰጥ የራሳችን ሪፖርት ሐሰት መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ «እየታየ ነው» አልናቸው። ማመልከቻው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ከእኛ ጋር አልተጣሉም፤ መጠየቃቸውንም አልተዉም። በመጋቢት ወር መምህራቸው ከውጭ አገር በጻፉላቸው ደብዳቤ፣ ሥራ የሌለበት ቀን ማለት ምንም የማይደረግበት ቀን ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ይህ ጥያቄ እጅግ ደስ አሰኛቸው። ወዲያው አዲስ ሠንጠረዥ አሰመሩ፤ በአንድ በኩል በበዓል የሚከለከለው፣ በሌላው በኩል የሚፈቀደው። መጥረብ፣ መቆፈር፣ ጭቃ ማቡካት ተከልክሏል። ድንጋይ አይቶ መምረጥ፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ በግድግዳው ዙሪያ እየዞሩ መከራከር ይፈቀዳል። የምሥራቁ ማዕዘን መዝመሙ የታወቀው በመጋቢት ሚካኤል፣ ከቅዳሴ መልስ እንደሆነ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈዋል። እኛ በልባችን ባዶ ያልነውን ቀን እሳቸው ሞልቶ አገኙት።

በዚሁ ሠንጠረዥ ላይ ከአሸተን ማርያም ሥር ከመጡት ከዋናው ግንበኛ ከአቶ ወልደ ኪዳን ጋር የተነጋገሩትን እንደ ወረደ ጽፈውት ተገኝቷል።

«መቃብር መቆፈር በበዓልም ይፈቀዳል አሉኝ። ስለምን? አልኋቸው። እሱማ ለሰው ነው አሉ። ታዲያ ትምህርት ቤቱስ ለማን ነው፣ አያ ወልደ ኪዳን? አልኋቸው። እሱን እንጃ፤ ላስብበት አሉ።»

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ባዶ ነው።

ቀብራቸው ግንቦት 21 ቀን፣ በማርያም ዓመታዊ በዓል በኩልመስክ ተፈጸመ። መቃብራቸውን የቆፈሩት አቶ ወልደ ኪዳንና ጓደኞቻቸው ናቸው። መሮና መዶሻቸው በዚያ ቀን ከጋቢው ወጣ።

ትምህርት ቤቱ በዚያን ጊዜ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ወጥቶ ገና ቆርቆሮ አልለበሰም ነበር። ክረምቱ ደርሶ ስለነበር ግድግዳው እንዳይናድ ሰግተን ነበር። ሰኔ 5 ቀን፣ አቦ ዕለት፣ ማንም ሳይጠራቸው አርባ አንድ ሰዎች ከንጋት ጀምረው ቆርቆሮውን ሲመቱ ዋሉ። ስም ተቆጣጣሪያችን አቶ ጋሻዬ መዝገብ ይዘው ቢሄዱ አቶ ወልደ ኪዳን ከጣሪያው ላይ ሆነው፣ «የሥራ ቀን ብላችሁ እንዳትጽፉብን። እኛ ሥራ አልገባንም፤ የጀመርነውን ቀብር ነው የጨረስነው» ብለዋቸዋል። ዝናቡ በማግስቱ ጣለ።

ጽሕፈት ቤታችን ከመስከረም ጀምሮ ያስተላለፋቸው የሥራ ቀን ሪፖርቶች ትክክል አለመሆናቸውን በዚህ መግለጫ ያረጋግጣል። የየካቲቱ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ታትሞ፣ ከአሥራ አንዱ የልኬት ደብተሮቻቸውና ከገመዱ ጋር ለዩኒቨርሲቲው እንዲደርስ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አሰለች ተሰጥቷል። ዲግሪው ለሙት ይሰጥ እንደሆነ አናውቅም። ደብዳቤው በጊዜው አለመሰጠቱ ግን የእኛ ጥፋት ነው።

ለወይዘሮ አሰለች፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ በወገል ጤና ለሚገኙት አባታቸው ለአቶ ደርበውና አብረዋቸው ለደከሙት ግንበኞች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እሳቸውን በማጣታችን ያዘንነውን ያህል፣ በሕይወት ሳሉ ባለመስማታችንም አዝነናል።

በሠንጠረዣቸው ላይ ባዶ የነበረውን ረድፍ እንዴት እንደምንሞላው ሁለት ቀን ተሰብስበን ተከራከርን። በመጨረሻ እንዲህ ብለን ጽፈን ማኅተማችንን አድርገንበታል፦

«ሰኔ 5፣ አቦ። ሥራ የለም። ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ለብሷል።»