የቤዝቦል ተጫዋች እግር

ሰኞ፣ ማርች 12 ቀን 2007

የናቲ ግራ ቅልጥም አጥንት ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው፤ እንደ ፀጉር ቀጭን። ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችን። ቢያንስ ስድስት ሳምንት አይሮጥም።

ልጄ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱን ይጨርሳል። ስድስት ሳምንት ማለት የመጨረሻው የቤዝቦል የውድድር ዘመኑ ግማሽ ነው።

ሐኪሟ በሳምንት ምን ያህል እንደሚሮጥ ጠየቀችው። ወደ እኔ አላየም። "ጀስት ፕራክቲስ" አላት። የቡድኑ ልምምድ ብቻ ማለቱ ነው። እኔ ካፖርቴን ጭኔ ላይ አጣጠፍኩ።

በልምምድ ብቻ እንዲህ አይሰነጠቅም አለች። አጥንቱ ራሱ ደካማ ሊሆን ስለሚችል ደሙ ይመርመር። ምን እንደሚበላም ጠየቀች። ባለቤቴ ትርሲት ጾም ላይ መሆናችንን ነገረቻት፤ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ሥጋ የለም። ሐኪሟ ጻፈች። የትርሲት ፊት ሲለወጥ አየሁ።

እውነቱ ይህ ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ በየማለዳው በሰፈራችን በሎውሪ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር አስሮጥኩት። እሱ ከፊት፣ እኔ በመኪና ከኋላ። ትርሲት ከአረጋውያን ቤት የሌሊት ፈረቃዋ ስትመለስ እሱ ታጥቦ ቁርስ ላይ ነው። አታውቅም። የቡድኑ አሰልጣኝም አያውቅም። በመስከረም ለወላጆች በላከው ደብዳቤ ረጅም ሩጫ ከልክሎ ነበር። ደብዳቤውን አንብቤ ስቄአለሁ። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ስለ ሯጮች የጻፍኩ ሰው፣ አንድ ፈረንጅ ስለ ሩጫ ሊያስተምረኝ!

ማክሰኞ

ትርሲት ከፈረቃ ስትመለስ አንድ ጋሎን ወተት ይዛ መጣች። የሁዳዴ አምስተኛ ሳምንት ነው። ብርጭቆውን ናቲ ፊት አስቀምጣ ወደ ማጠቢያው ዞረች።

"እኔ ነኝ የሰበርኩህ" አለችው።

"ማሚ፣ ኢትስ ናት ዩ" አላት፤ አንቺ አይደለሽም ማለቱ ነው። ጠጣው። ከብርጭቆው በላይ እኔን እያየ።

እኔም ዳቦዬን በላሁ። በላሁ!

ቀትር ላይ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ቡዝ ውስጥ እያለሁ በረከት ደወለ፤ የወርሃዊው ጋዜጣችን አዘጋጅ። "ጋሽ ታደሰ፣ የቤዝቦሉ ጽሑፍ የት ደረሰ? አንባቢ እኮ 'ቆሞ ማስቲካ የሚያኝክ ምኑ ነው ስፖርተኛ?' እያለ ነው። ያሳምኑልን እንጂ!" ሐሙስ አልኩት።

ተጫዋቹ ስለሚያስፈልጉት አምስት ችሎታዎች እስካሁን የያዝኩት፦
ኳሷን በዱላው ደጋግሞ ማግኘት።
ሩቅ መምታት።
ፍጥነት።
ክንድ፤ ይኸውም አርቆ መወርወር።
መያዝ፤ ይኸውም ኳሷ ከዱላው ስትነሳ የት እንደምትወርድ ገምቶ ቀድሞ መነሣት።

አምስቱንም አንድ ላይ ያገኘ ሰው ጥቂት ነው። ናቲ አራቱ አሉት። ሩቅ አይመታም። የጻፍኩት መግቢያ "የሁሉም መሠረት ሳንባ ነው" ይላል። ሰረዝኩት። ሌላ አልመጣልኝም።

ረቡዕ

አሰልጣኙ ደወለ። በሚቀጥለው ሰኞ ለኮሌጅ አሰልጣኞች የሚልከው የዕጩ ተጫዋቾች ስም ዝርዝር አለ። የአጥንት በሽታ ከሆነ ናቲን ሊያስገባው አይችልም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምናልባት እኔ ልምምድ አብዝቼበት ይሆናል፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ አለኝ። አይ፣ አንተ አይደለህም ማለት ነበረብኝ። አመሰግናለሁ አልኩና ዘጋሁ።

ናቲ ክራንቹን አጠገቡ ጥሎ ሶፋ ላይ ተኝቷል። ለምን ለሐኪሟ እንደዋሸ ጠየቅኩት።

"ሩጥ አልከኝ፣ ሮጥኩ። ከዚያ በሰው ፊት 'አባቴ ነው' እንድል ነው?"

"መቼ ነው ያመመህ?"

"ጃንዋሪ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገርኩህ እኮ፣ አባዬ። 'ሯጭ ሕመሙን አያዳምጥም' አልከኝ። አይም ናት ኢቭን ኤ ረነር።" እኔ ሯጭ እንኳ አይደለሁም ማለቱ ነው።

አላስታወስኩም። የየማለዳውን ሰዓት የምመዘግብበትን ደብተር ከመኪናው አውጥቼ ገለጥኩ። ጃንዋሪ 19፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ "ቅልጥሜን አመመኝ አለ። 54 ደቂቃ። ጥሩ ሰዓት።"

ይህን ጽፌ ገጹን ገልብጫለሁ። በማግስቱ 53 ደቂቃ ይላል።

ሐሙስ

መጀመሪያ ለትርሲት ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ሦስት ቀን ሙሉ ኃጢአቴን ስፈልግ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር" አለች። ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ገብታ ተኛች፤ በሩንም ዘጋችው።

ደብተሩን ይዤ ወደ ሐኪሟ ሄድኩ። ክሊኒኩ ቁጥሮቹን ኮፒ አደረገ። ሐኪሟ እንዲህ ከሆነ ነገሩ ይገባኛል አለች፤ የደሙ ውጤት ግን ነገ ጠዋት ነው።

አሰልጣኙን ሜዳው ላይ አገኘሁት። በረዶው ቀልጦ ጭቃ ሆኗል፤ አሸዋ እየበተነ ነበር። አማርኛውን አያነብም፤ ኪሎ ሜትሩንና ደቂቃውን ግን በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ገጽ ሄደ። የጃንዋሪ 19ኙን መስመር ተረጎምኩለት።

"ደብዳቤዬን አላነበብክም?"

"አንብቤዋለሁ።"

አካፋውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ይህ ጨዋታ አራት ሰከንድ ነው አለኝ። ቆመህ ትጠብቃለህ፣ አራት ሰከንድ ትፈነዳለህ፣ እንደገና ትቆማለህ። ልጁ በመስከረም የነበረውን ፍጥነት በየካቲት ያጣበት ምክንያት አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

አጥንቱ እንደሚድን ያምናል። ያስቸገረው ሌላ ነው። ናቲ ሁለት ወር እያመመው "ደህና ነኝ" እያለ ተሰልፏል። ሕመሙን የሚደብቅ ተጫዋች ለሌላ አሰልጣኝ እንዴት አድርጌ "እመኑት" ብዬ እልካለሁ አለኝ። የደበቀው እኔን ብሎ ነው አልኩት። እሱም፣ መደበቁንም ይህንንም አስቤ ስሙን ላስገባው እንደሆነ እወስናለሁ አለ።

ለበረከት ጽሑፉ እንደማይደርስ ነገርኩት። ሳቀ። "ጋሼ፣ በሕይወትዎ የጽሑፍ ቀን አሳልፈው ያውቃሉ?" አሳልፌ አላውቅም።

አሰልጣኙ ውሳኔውን ለመናገር ነገ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ይደውላል። የሚደውለው ለእኔ አይደለም፤ ለናቲ ነው።