ግሪሳ ያሏት እጩ

የካቲት 5 ቀን 1997
ሙቀቱ ዛሬ በጠዋቱ ጀመረ። በዓለምፀሐይ ቁርስ ቤት ደጃፍ፣ በኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ልጄ ናት፤ ግን ለሻይ እንደማንኛውም ደንበኛ ወረፋ ታስጠብቀኛለች። አደም የማሾ ጆንያውን አስጭኖ ሲያልፍ፣ "ዛሬስ ምን ያህል ጠጠር ቀላቀልክበት?" አልኩት። "ለአንተ ጥርስ የሚበቃ" አለኝ። ጥርስ እንደሌለኝ እያወቀ… የስንት ዓመት ጎረቤት!
ከሰዓት የልጅ ልጄ ኢየሩሳሌም ከምታስተምርበት መጣች። አልተቀመጠችም።
"አባባ፣ ለፓርላማ ልወዳደር ተመዘገብኩ። በግል።"
እናቷ ዓለምፀሐይ የያዘችው ጭልፋ አየር ላይ ቀረ። እኔ ምን አልኩ? "ደመወዝ አለው?"

የካቲት 6
ዓለምፀሐይ አኩርፋለች። "ከሚበሉልኝ ግማሾቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ ነገ ወደ ሌላ ቤት ቢሄዱስ? እርስዎን ትሰማለች። ተይ ይበሏት።"
ቆየት ብላ ልጅቷም መጣች። "እርስዎ ተይ ካሉኝ እተዋለሁ አባባ። ሌላ ማንም አያስተወኝም።"
ይሄ ምን ዓይነት ሸክም ነው? ቀልድ ፈለግኩ፤ አልመጣ አለኝ። "ላስብበት" አልኩ።

የካቲት 9
እያሰብኩ ነው… የዚህን ከተማ ምርጫ እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቻለሁ።
በሰማንያ አራት ከባድ መኪናዬን አስፋልት ዳር አቁሜ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያለውን ሰውዬ "ማን ነው የሚወዳደረው?" ብለው፣ "ስንደርስ ይነግሩናል" አለኝ። በሰማንያ ሰባት ደግሞ ያሸነፈውን ሰው ስም ገና ሳልመርጥ ሻይ ቤት ሰማሁት። በዘጠና ሁለት ልብስ ሰፊው ለማ በግል ተወዳደረ። ሱሪ ያዘገየበት ሰው ሁሉ ሌላ መረጠ… ለማ ሱሪ ያላዘገየበት ሰው ደግሞ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አይገኝም።
ዛሬ ሱቁ ሄድኩ። "ለማ፣ ያኔ በመወዳደርህ ተጸጸትክ?"
ከስፌት መኪናው ቀና አላለም። "በመወዳደሬስ አይደለም ጋሼ ፀጋዬ። ሲስቁብኝ ጊዜ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። እሱ ነው የሚቆጨኝ።"
ሱሪዬን አሁንም አላደረሰውም።

መጋቢት 18
የኢየሩሳሌም የቅስቀሳ ወረቀት ታትሞ መጣ። ለምልክት የመረጠችው እርግብ ነው። ሰላም ማለት ነው አለች። ሥዕሉ ግን ጥቁር፣ ድንክ፣ አፉ አጭር… አደም ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው።
"ልጄ፣ ወላሂ ይቺ ግሪሳ ናት።"
እውነቱን ነው! የዚህ ቆላ ሰው ወፍ ሲያይ ትዝ የሚለው ማሽላው ነው። ማሽላው ሊደርስ ሲል እንደ ደመና ወርዳ፣ በአንድ ከሰዓት ማሳውን አራግፋ የምትሄደዋ ግሪሳ። ያቺን ስዕል ለገበሬ አሳይቶ "ምረጠኝ" ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?
ይቀየርልኝ ብላ ጠየቀች። ጊዜው አልፏል ተባለች።

መጋቢት 19
ዓለምፀሐይ፦ "ይኸው፣ እግዜርም አልወደደውም። አሁን ተይ ይበሏት።"
ኢየሩሳሌም ታየኛለች። እኔ ደግሞ ሽሮዬን አያለሁ።

መጋቢት 22
ማሾውን ሊሸጥ በሚሄደው በአደም አይሱዙ ከእሷ ጋር ጀውሃ ገበያ ሄድኩ። ወረቀቷን ማደል ስትጀምር አንዱ ወንጭፍ እንደያዘ ሰው እጁን አሽከረከረ። "እሽ! እሽ! ግሪሳ ገባች!" ገበያው በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ያስቃል።
ልረዳት ብዬ ደግሞ ገባሁበት። "እናንተ ሰዎች፣ ግሪሳ ብቻዋን መጥታ ታውቃለች? ይቺ እኮ አንድ ናት!"
ሷሊሕ የሚባል ማሽላ ዘሪ "አንዷ ከገባች ሌሎቹ ይከተላሉ ጋሼ" አለኝ። ይባስ አደረግኩት። በዚህ ምላሴ!
አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ወደ መኪናው ትሮጣለች ብዬ ዞር ስል… የአደም ማሾ ጆንያ ላይ ወጥታለች።
"እሺ፣ ግሪሳ በሉኝ! ግን ልጠይቃችሁ፤ ግሪሳ ሲመጣ ማማ ላይ የምታቆሙት ማንን ነው?"
ሷሊሕ "ጉሮሮ ያለውን ነዋ" አለ።
"ማማው ላይ የሚተኛውንስ?"
"እናወርደዋለን!"
"ጎርፍ የመስኖ ቦያችሁን ሲወስድ ማን ጮኸላችሁ? እኔን አቁሙኝ። ዝም ካልኩ አውርዱኝ።"
አደም "ከማሾዬ ላይ ግን አሁኑኑ ውረጂ" አለ።
እንደገና ሳቁ። የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነው… ወረቀቷን እየተቀበሉ ነበር የሚስቁት።
ስንመለስ መኪና ውስጥ "አባባ፣ ታዲያ ምን ወሰኑ?" አለችኝ።
"ማታ ለጉሮሮሽ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ" አልኳት። "ነገም ትናገሪያለሽ።"

መጋቢት 23
ዓለምፀሐይ ሰማች። ዛሬ ለእኔ ሻይ የለም።

ሚያዝያ 26
ፋሲካው አለፈ፤ ልጅቷ ግን አላረፈችም። በእግር፣ በጋሪ፣ በባጃጅ… ፊቷ ከፀሐዩ የተነሣ ተላጠ። ቁርስ ቤቱ ሁለት ደንበኛ ቀርቶበታል። ዓለምፀሐይ ስማቸውን እየጠራች ነገረችኝ። ምን ልበላት? ወንበሬን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ የነሱን ቦታ ሞልቼ ሁለት ጊዜ ቁርስ በላሁ። "ሂሳብ" አለችኝ ደግሞ!

ግንቦት 7፣ እሑድ
ምን ዓይነት ሰልፍ ነው! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ሰው ገና ሳይነጋ ወጥቶ፣ በዚያ ሐሩር ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም።
ዘወር ብዬ ሳይ ዓለምፀሐይ ቁርስ ቤቷን ዘግታ ከኋላ ቆማለች። ማንን ልትመርጥ? አልጠየቅኳትም። እኔ ራሴ ግሪሳዋ ላይ ምልክት አድርጌ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። እርጅና ነው እንበል።

ግንቦት 9
የየጣቢያው ውጤት በር ላይ ተለጠፈ። አላለፈችም። ከተማው አልመረጣትም፤ ሦስተኛ ናት። ማሽላ የሚዘሩት የቆላ ጣቢያዎች ላይ ግን አንደኛ! ግሪሳን የመረጡት ገበሬዎቹ… ይህን ማን ያምናል?
ኢየሩሳሌም አንብባ ስትጨርስ ቁጭ አለችና ሁለት ሳህን ፉል በላች። ዓለምፀሐይ ሳትጠየቅ ሦስተኛውን አቀረበችላት።
ዛሬ አላሾፍኩም። ደከመኝ።

ሰኔ 20
ጠዋት በር ላይ የአደም አይሱዙ ቆሟል። ሷሊሕና ጓደኞቹ ላዩ ላይ ሞልተዋል። የቦያቸውን ነገር ክረምቱ ሳይገባ ሊጠይቁ ደብረ ብርሃን፣ ዞን ድረስ እየሄዱ ነው።
"መምህርቷ ትምጣልን" አሉ። "እሷ ትናገርልን።"
"የተመረጠው ሰው አለላችሁ አይደል እንዴ?" አልኩ። "እሷ እኮ አልተመረጠችም።"
ሷሊሕ ከላይ ሆኖ "ማን ነው እንዲያ ያለዎት ጋሼ?" አለኝ። "እኛ ዘንድ ተመርጣለች።"
ኢየሩሳሌም ጫማዋን ቀይራ ወጣች። ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። እኔም ልሳፈር እግሬን ሳነሣ አደም ክንዴን ያዘኝ፦ "አንተ ደግሞ ማን መረጠህ?"
መኪናው ሊነሣ ሲል ዓለምፀሐይ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። በቃ፣ ልታስቀራት ነው አልኩ… ጋቢ ይዛለች። በመስኮቱ ጭኗ ላይ ወረወረችላት።
"የጣርማ በርን ዳገት ከወጣሽ ወዲያ ብርድ ነው" አለች። "ደግሞ መልስ ሳይሰጡሽ እንዳትመለሺ።"