ፀጉር ቤት ያስቻልከው ችሎት

ጉረኛው የአክስቴ ልጅ፣

በዋስ በወጣህ ማግስት ፀጉር ቤት ተጎልተህ "ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? ለዳኛው ራሴ አስረዳዋለሁ" ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አይ አንተ! የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ለአከራያችን ማስረዳት አቅቶህ ባልዲ ደቅነህ የምትኖር ሰውዬ፣ የፌደራል ዐቃቤ ሕግ አደንዛዥ ዕፅ አዘዋውረሃል ብሎ ያቀረበብህን ክስ ልትከራከር?

ጠበቃ አግኝቼልሃለሁ። ሰኞ ጠዋት ትጠብቅሃለች፤ አድራሻዋን መስታወቱ ላይ ለጥፌዋለሁ።
አፍህን የምትከፍተው ለእሷ ብቻ ነው።

ሱፍህን ተኩሼ በሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። አመስግነኝ አላልኩም።

እኔ ጓደኛዬ ጋ ሄጃለሁ። ዐቃቤ ሕጉ ለምስክርነት ጠርቶኛል፤ ውሸት እንደማልችልበት ደግሞ ታውቃለህ።
እንዳትደውልልኝ።

አልጋህ ስር የተገኘው ሻንጣ የማን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩህም።
አሁንም አልጠይቅህም።